«ደክሟታል» ብዬ ያስጻፍኩት አቤቱታ

ዓመቱን ጠይቃችሁ አታስጨንቁኝ፤ ልክ መቼ እንደነበረ አላስታውስም። ልጆቼም «ስንት ዓመትህ ነበር ታዲያ?» ይሉኛል፤ እሱንም በቅጡ አላውቀው፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ ሰው የለም። የማውቀው፣ ዳቦ በአምስት ሳንቲም የሚገዛበት፣ ከሰበታ ተነስቶ መርካቶ በስሙኒ የሚደረስበት፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ የከተማ ልጆች ብቻ የሚለብሱበት ጊዜ መሆኑን ነው። እኛ ሸካሞቹ ካኪ ቁምጣና በረባሶ ነበር የምናደርገው። ጃንሆይም ነበሩ። አርጅተዋል ይባል ነበር እንጂ ነበሩ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያ የማስተር ፕላኑ ግርግር ነው። አሁን የምኖረው ቡራዩ ነው፤ የአምቦ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የተማሪ ደብተር የምሸጥባት። ያን ሰሞን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሚኒባሶቹ ጠፉ። ጎማ ሲቃጠል ሽታው ስኳሩ ውስጥ ሳይቀር የሚገባ ይመስለኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በሬን ገርበብ አድርጌ ተቀምጬ ሳለ ጎረቤቴ ኦቦ ለሚ ሁለት ገበሬዎች አስከትሎ ገባ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል። የገበሬዎቹ መሬት ወደ ከተማው ሊጠቃለል ነው ስለተባለ ማመልከቻ ሊጽፍላቸው ነው የመጣው። ሳጥኔ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። «በጉዳዩ ትንሽ ቅር መሰኘታችንን በትሕትና እንገልጻለን።»

«ለምን ትንሽ?» አልኩት።

«ጋሽ ይማም፣ ለመንግሥት እንዲህ ነው የሚጻፈው። እርስዎ ስኳርዎን ይመዝኑ።»

«መሬታቸው ከሄደ ምን ይበላሉ?»

«ምን ይበላሉ! አፈር።»

«አፈሩም እኮ አብሮ ይሄዳል ኦቦ ለሚ» አለ አንደኛው ገበሬ፤ ሦስቱም ሳቁ።

«ታዲያ እሱን ጻፈው» አልኩ።

«ይገባቸዋል ጋሽ ይማም። ግማሹን ከነገርናቸው ሙሉውን ያውቁታል።»

ይህችን ነገር እኔም አንድ ቀን፣ ልክ በዚህች ቃል፣ ተናግሬአታለሁ። የያዝኩትን ሳሙና አስቀምጬ መቀመጫ ፈለግሁ። «ልክ ልኩን ጻፍ፤ እባክህ» አልኩት። ድምፄ ተቀይሮ ነው መሰል ቀና ብሎ አየኝ። የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጀመረ። ወረቀቱን ማን እንዳነበበው አላውቅም። በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ እስኪቀር ድረስ ግን በየሰፈሩ ስንት ድንኳን ተተከለ፣ ስንት እናት ልጇን ቀበረች። እኔ ግን ያን ዕለት ሐሳቤ ሌላ ዘመን ሄዶ ነበር፤ እዚያው አመሸ።

ያን ጊዜ ሰበታ ነበርኩ፤ ከአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ውስጥ ሸካሚ። ከወሎ አጎቴን ተከትዬ ነው የወጣሁት፤ ጢሜ ገና አልበቀለም። ሰበታ ያኔ የፋብሪካ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ሰዓቱን የሚያውቅባት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቀዝቀዝ የምትል ከተማ ነበረች። አሁንማ በጂማ መንገድ እስከ ተጂ ድረስ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ አይለይም። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ትልቅ ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል። ጆንያ ስናወርድ ውለን፣ ቅንድባችን ሳይቀር ዱቄት እንደለበሰ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ይዘን እናዳምጣለን። መጀመሪያ ዘፈን ይመጣል፤ ክራር ያለበት፣ ቀስ የሚል፣ አገርን የሚያስናፍቅ። ከዚያ ዜና። ጃንሆይ እዚህ አገር ሄዱ፣ ከዚያኛው አገር መሪ መጣላቸው፣ ድንበር ላይ የተጣሉ ሁለት አገሮችን አስታረቁ። የአገሮቹን ስም እንኳ አጥርተን አንሰማውም፤ ግን ደረታችን ይነፋ ነበር። «አያችሁ፣ ፈረንጁ ሳይቀር የሚያማክረው እሳቸውን ነው» እንባባላለን። የወሎ ነገር ግን ሬዲዮው ላይ አልነበረም። እሱን ያመጡት በእግራቸው የመጡ ሰዎች ናቸው።

አንድ ጠዋት የመንደራችን ሰው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱን አላወቅሁትም፤ «ይማም» ሲል በድምፁ ነው የለየሁት። ዝናቡ ቀርቶ ደግሞ እንደቀረ፣ በሬዎቹ እንዳለቁ፣ አባቴ እንደሞተ ነገረኝ። «እናትህ አብራን ወጥታ ነበር። በደብረ ብርሃን መንገድ ስንከለከል በገጠር ዞረን በሱሉልታ በኩል ብቅ አልን። እዚያም ኬላው አላሳልፍ አለ። እሷ መራመድ አቅቷት እዚያው ቀርታለች።» እሱ እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅሁትም። ዓይኑን ከእኔ ላይ ያሸሽ ነበር።

ሱሉልታ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። እሑድ እሑድ ብቻ ነበር ሥራ የማንገባው፤ ስድስት ዳቦ በነጠላ ቋጥሬ ሄድኩ። እንጦጦን ተሻግሮ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ያንን ንፋስ ያውቀዋል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፤ ገበሬዎች በአህያ ጭነው ለከተማ ላም አርቢዎች ሊሸጡ ይወርዳሉ። ከኬላው ወዲያ፣ ከሣር ክምሩ ጎን፣ ሰው ተቀምጧል። መጀመሪያ እኔም ክምር መስሎኝ ነበር። የማይንቀሳቀስ፣ ቀለሙ አፈር የመሰለ ሰው። ፖሊሶቹ እንደሚሉት ከተማው ውስጥ የውጭ አገር እንግዶች ስለነበሩ፣ እነሱ እስኪሄዱ ማንም አይገባም ተብሏል።

እናቴን ያገኘኋት ድንጋይ ተደግፋ ነው። ሻሿን አስተካክላ አስራለች። ሌላው ሁሉ ሲለወጥ ሻሿ ብቻ እንደ ድሮው ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተ ከሳህሳ?» አለችኝ። እኔን!

ዳቦውን ፈትቼ ሰጠኋት። አንዱን ቆርሳ አፏ ላይ አስነካችና የቀረውን ከጎኗ ላሉት አደለች። «እኔ ቅድም በልቻለሁ» አለች። ግንባሯን ስነካው እንደ ብረት ምጣድ ይፋጃል። በአካባቢው የሚዞር አንድ ድሬሰር ነበር፤ ጎትቼ አመጣሁት። ዓይኗን ገልጦ አየና ወደ ጎን ወስዶኝ «ሆስፒታል ካልገባች ሁለት ሳምንት አትቆይም። እዚህ ያለኝ ክኒን ይኸው ነው» አለኝ። ኬላው ላይ ሄጄ ለመንኩ። አንዱ ፖሊስ አዝኖልኝ «ከላይ ወረቀት አምጣ። ያለ ወረቀት እኔም እንጀራዬ ነው» አለ።

ከላይ ማለት ጃንሆይ ናቸው። በዚያን ዘመን ሰው መላ ሲጠፋበት መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸዋል። አቤቱታውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይይዛል፤ «አቤት!» ይላል፤ መኪናቸው ይቀዘቅዛል፤ አጃቢው ወረቀቱን ይቀበላል። በዚህ መንገድ መሬቱ የተመለሰለት፣ ልጁ ከእስር የወጣለት ሰው ሰበታም ውስጥ አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ደግሞ እንግዳቸውን ይዘው በሰበታ እንደሚያልፉ ተሰማ። መንገዱ ተጠረገ፣ ድንጋዩ በኖራ ተቀባ፣ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቅስት ተሠራ፣ ከእኛ ባንዲራ ጎን የማናውቀው ባንዲራ ተሰቀለ። አላህ መንገዱን ለእኔ ብሎ ያስጠረገው መሰለኝ።

ገበያው ዳር ባሻ ወልዴ የሚባሉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ነገሬን ሁሉ ሰምተው ብዕራቸውን ነከሩ። «እናቴ በረሃብ ምክንያት በጠና ታማ፣ ልል ነው» አሉኝ።

«አይበሉ ባሻ» አልኩ።

ሜዳው ላይ ስለያት እናቴ እጄን ይዛ ያለችኝ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «ይማሜ፣ ተርባለች ብለህ እንዳታስወራብኝ። የአባትህ ቤት ሰው የሚያድርበት፣ መንገደኛ የሚበላበት ቤት ነው። ደክሟታል በል።» እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ አፍሬ ነበር። እህል ተሸክሜ የማድር ሰው እናቴ በረሃብ እንዴት ትጻፍ?

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ልጇን ልትጠይቅ ከአገሯ ስትመጣ መንገድ ደክሟታል፤ አልፋ እንድታርፍ ይፈቀድላት ይበሉ።»

ባሻ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ልጅ፣ የሚያነበው ሰው አንተን አያውቅህም። ደክሟታል ካልከው፣ ደክሟታል ብሎ ነው የሚያነበው።»

«ጃንሆይ ይገባቸዋል። የስንቱን አገር ነገር የሚፈቱ ሰው ናቸው። ግማሹን ከነገርናቸው ሙሉውን ያውቁታል።»

«ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ እናትየዋ ግን ያንተ ናት» አሉና ያልኩትን ጻፉ። ማለፊያ ጽሕፈት ነበር። ግማሹ የጃንሆይ ማዕረግ ነው፤ የእናቴ ነገር አንዲት መስመር ተኩል አልሞላም። ሳልሄድ ደግሞ አስቆሙኝና «በዚህ ቁምጣማ ንጉሥ ፊት አትቆምም» ብለው የራሳቸውን ኮት አለበሱኝ። ጥቁር ኮት፣ ክንዱ ላይ በጥንቃቄ የተጣፈ።

መኪናዎቹ መጡ። ተማሪዎቹ ባንዲራ አውለበለቡ። ወረቀቱን ከራሴ በላይ ይዤ ጮኽኩ። መኪናው ቀዘቀዘ፤ በመስኮቱ ውስጥ አየኋቸው። ትንሽ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ትልቅ ነው። አዩኝ። ታጥቤ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ በባሻ ኮት ቆሜ ነው ያዩኝ። አጃቢው ወረቀቱን ተቀበለ፤ መኪናው አለፈ። የሰበታ ሰው ትከሻዬን እየመታ «ይማም፣ አለፈልህ!» አለኝ። ለሸካሞቹ ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ።

መልሱ ብዙ አልቆየም፤ ይህንንም ለመመስከር ነው የምናገረው። ጽሕፈት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ጨዋ ጸሐፊ፣ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ፣ እየፈገገ አነበበልኝ። መንገድ ለደከማት ሴት ብርድ ልብስና የጉዞ ስንቅ እንዲሰጣት፣ በመንግሥት ማመላለሻም ያለ ክፍያ ወደ አገሯ እንድትመለስ ተፈቅዷል። «እንኳን ደስ አለህ። እንዲህ ያለ መልስ በየቀኑ አይወጣም» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ወደ አገሯ አይደለም። አገሯ ምንም የለም።»

ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «እዚህ ላይ እንደዚያ አልተጻፈም እኮ ወንድሜ። ልጇን ልትጠይቅ መጣች ነው የሚለው። ጠየቀችህ አይደል?»

ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። በኋላ ያ መንግሥት ሲወርድ፣ ሰዉ ጃንሆይን ሲሰድብ፣ «አንተማ እናትህ የሞተችብህ ምነው ዝም አልክ?» የሚሉኝ ነበሩ። ስለ ሌላው አላውቅም፤ ለሌላው ሌላው ይናገር። እኔ ግን የለመንኩትን ነው የተሰጠኝ።

መጋዘኑን ትቼ ወደ ሱሉልታ ሮጥኩ። እናቴ አዲስ ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሳለች። መኪናው ቆሟል፤ ስም እየተጠራ ሰው ይጫናል። የእሷ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ያ ያዘነልኝ ፖሊስ አልነበረም፤ ሌላ፣ ፊቱ የተቆጣ፣ ነበር። እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ሌላው ለምኖ የሚያጣው ለአንተ ተሰጥቶህ ታለቅሳለህ?» አለኝ።

ሣር በአህያ የጫነ አንድ ገበሬ ቆሞ ያየኝ ነበር። በሁለቱም እሑድ ስመጣ አይቼዋለሁ፤ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም በሰበታ በለመድኳት ኦሮምኛ «ነጋ» ብዬ አልፋለሁ፤ ከዚያ በላይ አንተዋወቅም። አህያውን አቆመ። ገመዱን ፈታ። ሊሸጠው የነበረውን ሣር መንገዱ ላይ ዘረገፈውና ቀጥ ብሎ ወደ እናቴ ሄዶ «ሀርሜ ኮ! እናቴ! ስፈልግሽ ስንት ቀኔ!» ብሎ ከነብርድ ልብሷ አቀፋት።

ፖሊሱ መጣ። «ምንህ ናት?»

«እናቴ ናት አልኩህ።»

«እሺ፣ ስሟ ማነው?»

«እናቱን በስሟ የሚጠራ ባለጌ አንተ አገር አለ እንዴ?»

ፖሊሱ ተደናገረ። በዚህ መሐል እናቴ ዓይኗን ገልጣ፣ የያዛት ሰው ደህንነቷን የጠየቃት መስሏት ይሆናል፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ፖሊሱ የገበሬውን አንገት፣ ማተቡን አየ።

«አንተ ማተብ አስረህ እናትህ አልሐምዱሊላህ ትላለች?»

ገበሬው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «ከአባቴ ጋር የተጣሉ ዕለት ሰለመች። ይኸው እስከ ዛሬ አስታራቂ አጥተናል። ትመጣልናለህ?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እዚያ ሜዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያንን የመሰለ ሳቅ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ፖሊሱንም ሳቁ አሸነፈው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሰረዘና ፊቱን አዞረ። እናቴን አህያው ላይ አስቀመጥናት፤ እኔ በአንድ ጎን፣ ገበሬው በሌላ ጎን ደግፈናት ሄድን። «ለምን እንዲህ ታደርግልኛለህ?» ስለው «ቤቴ ቅርብ ነው» አለኝ፤ ሌላ መልስ አልሰጠኝም።

ቤቱ ከመንገዱ ወዲህ ገባ ብሎ ነበር። ሚስቱ ወተት በማንኪያ በማንኪያ አጠጣቻት። ያ ድሬሰር ሁለት ቀን ተመላለሰ። ሆስፒታሉ ግን ከኬላው ማዶ ነው፤ ስሟ ከዝርዝሩ ቢሰረዝም ኬላው አልተከፈተም። እንግዶቹ ገና አልሄዱም ነበር። በዘጠነኛው ቀን እናቴ በጠዋት፣ ፀሐይ በሩ ላይ እንደደረሰች፣ አረፈች።

በአካባቢው የእኛ መቃብር አልነበረም። ገበሬው ከገብስ ማሳው ጥግ ቦታ አሳየኝና «እዚህ አናርስም» አለ። ከከተማው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ለምኜ አመጣሁ፤ ሶላቱን እሱ አሰገደ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ግን የገበሬው ጎረቤቶች ናቸው፤ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደምትተኛ ነጋዴውን እየጠየቁ፣ በጥንቃቄ። ያ ጥግ እስከ ዛሬ አልታረሰም። በማስተር ፕላኑ ሰሞን ከማሳው ወዲህ ያለው መሬት ላይ ችካል ተተክሎ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ሄጄ ማየት ስላልቻልኩ በስልክ ነው የሰማሁት። ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ አትጠይቁኝ። ወጣቶቹ ችካሉን ነቀሉት አሉ። ነገ ደግሞ ማን ምን እንደሚተክል አላውቅም።

እህሉም መጣ፣ በኋላ። ጃንሆይ ራሳቸው ወሎ ሄደው አዩ ተባለ፤ ከየአገሩ እርዳታ ተላከ። እኛ መጋዘን በር ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ጆንያ ተራገፈ፤ ወደ ሰሜን ለሚሄዱት መኪናዎች የጫንነው እኛ ነን። ትከሻዬ ላይ ስንዴው ቀለለኝ። ከእጥፍ በላይ ተሸከምኩ፤ አለቃዬ «ይማም ዛሬ ምን ነካው?» ይል ነበር።

ከዚያ በፊት ግን፣ በተቀበረች ዕለት፣ የገበሬው ሚስት ጠራችኝ። በተሰባበረ አማርኛዋ ነው የነገረችኝ። «እማማ ‹ለልጄ እንዳትነግሪ› ብለው ነበር። ግን ሸክም ሆነብኝ። ‹ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ ርቦኝ ነበር፣ ሜዳው ላይም ዳቦውን ሲያመጣ ርቦኝ ነበር፣ ልጄን አፍሬው ነው› አሉኝ።»

ወጥቼ ማሳው ዳር ተቀመጥኩ። እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን ለልጆቼም አልነገርኩ፤ እዚህም አልጽፈውም። መኖር እንዳልፈለግሁ ብቻ ይታወቅልኝ። ገበሬው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «ያዘዘችህን ነው ያደረግኸው። እኔንም እናቴ ብታዘኝ እንደዚያው ነበር የማደርገው» አለኝ። ስነሳ አብሮኝ ተነሳ። «ብቻህን አትሄድም» ብሎ ሰበታ ድረስ መጣ፤ ሣሩን፣ ከብቱን፣ ሚስቱን ትቶ። ሦስቱን የሐዘን ቀን ከሸካሞቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ፋቲሓ ሲደረግ ማተቡን በሸሚዙ ከልሎ እጁን እንደ እኛ ዘረጋ። ምግብ ሲቀርብልኝ «ብላ» አላለኝም፤ ዝም ብሎ ይቆርስና እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ እስክውጠው ድረስ እሱም አይበላም። ሊያስተዛዝኑ የመጡ የሰበታ ሰዎች ግራ ገብቷቸው «የሟች ምኗ ነህ?» ሲሉት «ጎረቤቷ ነኝ፤ ማሳዬ ላይ ናት» ይላቸው ነበር። ይህ ሰው የሱሉልታው ኦቦ ዲንቃ ቱፋ ነው።